ዜሮ ያሳየው መለኪያ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ለኪው ኮንቴይነሩ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተደራርበዋል። የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ቁስል የለው፣ ደም የለው፤ አቧራ ያለው ጉልበቱና ቀኝ ጆሮው ላይ ብቻ ነው።

ሟቹ የሰፈሩን አየር የሚለካ ሰው ነበር። ሥራው ከፋብሪካው አጥር ሥር በቆመች ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጦ፣ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣው ፋብሪካ ስንት የድኝ ጭስ እንደሚለቅ መከታተል ነው። ልኬቱ ከተፈቀደው ካለፈ ፋብሪካው ይዘጋል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጠላት አያጣም።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «ወፍጮ» ይሏታል፤ እጇ የገባውን ነገር ሳታደቅ አትለቅምና። ስሙን ብትሰማም እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

«መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት አባባ?» አለች ሽማግሌውን ዘበኛ።

«እኔው ነኝ። በማለዳ በሩን ብከፍት እንዲሁ ተኝቷል። ላነሳው ጎንበስ ስል ዓለም ዞረችብኝ። እንደ ምንም ወደ ውጭ ስወጣ ተወኝ። እርጅና ነው መቼም።»

«ዓይኑንስ የከደኑት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ ጫፉንም አልነካሁ!»

«ክብሪት ይኖርዎታል?»

«ሲጋራውን ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ክብሪቱ ነው ከኪሴ አልወጣ ያለኝ።»

ክብሪቱን ጫረችው። በደረቷ ትክክል ደህና ነደደ። ከፍ ካለው ደፍ በታች፣ ወደ ወለሉ ስታወርደው ግን ጠፋ። ደግማ ጫረች፤ ደግሞ ጠፋ። ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ ወጣችና ወደ ውስጥ ማንም እንዳይገባ አዘዘች። አስከሬኑም በሩ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ወጣ።

የለኪው ረዳት፣ ወጣት ኬሚስት ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ልጄ፣ እዚህ ጋዝ ታስቀምጣላችሁ?»

«መለኪያውን የምናስተካክልባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች አሉ። ማኅተማቸው አልተነካም፣ አይቻቸዋለሁ።»

«ይሄ መስመር ምን ማለት ነው?» ኢንስፔክተሯ ወደ መሣሪያው መስታወት ጠቆመች። መስመሩ ምሽት ምሽት ወርዶ ይጋደማል፤ ጠዋት ይነሳል።

«ዜሮ ነው። ጋሼን እንቅልፍ የነሳውም እሱ ነው። ምድጃው የሚነደው ማታ ነው፤ ልኬቱ መጨመር ሲገባው ይጠፋል። ሰው በሌለበት ተራራ ላይ እንኳ እንዲህ ድርቅ ያለ ዜሮ አይመጣም። ‹የኛ ሰፈር አየር ከመላእክቱ በለጠ› እያለ ይቀልድ ነበር።»

«አየር የሚያስወጣውን ማራገቢያ ማን አጠፋው?»

ረዳቷ ግራ ገባት። «ጠፍቷል እንዴ? እኛ አጥፍተነው አናውቅም፤ መሣሪያው ይግላል።»

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። ከጠረጴዛው አጠገብ አየር ማጣሪያ ያጉረመርማል።

«ፋብሪካችን ንጹሕ ነው፤ ልኬቱ ራሱ ይመስክር» አለ።

«ታዲያ ይሄን ማጣሪያ ምን አመጣው?»

«እኔ… ጉንፋን አይለቀኝም።»

«ይማርዎት» አለችና ወጣች።

የሟቹን ታናሽ ወንድም በፋብሪካው ክሊኒክ አገኘችው። በያጅ ነው። ትንሽ ልጁ አልጋው ላይ ገርጥታ ተኝታለች፤ አሁንም አሁንም ያንቀጠቅጣታል።

«ጋሼ ወንድሜ ብቻ አልነበረም» አለ። «አባታችን ሲሞት አጉርሶ ያሳደገኝ እሱ ነው። ምሳዬን የምበላው ሁሌ እሱ ጋ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበር።»

«ልጅህን የሚያሳክማት ማነው?»

«ፋብሪካው ነዋ! ይሄ ክሊኒክ ባይኖር ልጄ አትኖርም። ፋብሪካው ከተዘጋ እሱም ይዘጋል ተብያለሁ።» የልጁን ትንሽ እጅ ያዘ። «እሷን ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

ኢንስፔክተሯ የልጅቱን ብርድ ልብስ አስተካክላ ወጣች። ወደ ኮንቴይነሩ ተመልሳ ጀርባውን ዞረች። ጥላሸት በለበሰው መሬት ላይ የከባድ ሲሊንደር ክብ አሻራ አገኘች። ከበላዩ ደግሞ፣ በግድግዳው እግር፣ ቱቦ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ኮንቴይነሩ ፊት ለፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹን የገደለው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው» ብላ ጀመረች። «ክብሪቱ ከላይ ነድዶ ከታች ጠፋ። አባባም ጎንበስ ሲሉ ዞረባቸው፣ ሲወጡ ተዋቸው። ስለዚህ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ጋዝ በሲሊንደር የሚገኘው የት ነው ልጄ?»

«አርጎን ይሆናል» አለች ረዳቷ ቀስ ብላ። «ብየዳ ክፍል።»

በያጁ አንገቱን ደፋ።

«ለመግደል የመጣ አልነበረም። ምሽት ላይ ሲሊንደሩን ከኋላ ያቆምና ጋዙን በቀዳዳው አሾልኮ መለኪያው አየር ወደሚስብበት አፍ ይልካል። መሣሪያው በጭሱ ፋንታ አርጎን ይስባል፤ ዜሮ ያሳያል። ጎህ ሲቀድ ነቅሎ ይወስዳል። በያጅ ግን ሜዳ ላይ ሲሠራ ነፋስ እንዳይበላበት ጋዙን አብዝቶ መክፈት ልማዱ ነው። እዚህም አብዝቶ ከፈተው። ትርፉ ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር፤ ማራገቢያው እየጠረገ ስለሚያወጣው ግን ማንም አላወቀም።»

«ትናንትና ምን ተለየ?» አሉ ዘበኛው።

«ለኪው በዜሮው ተጠራጥሮ ምሽት ላይ ተመለሰ። የሚሾልክ ነገር እንዳለ ለመስማት ማራገቢያውን አጠፋ። የፋብሪካው ጩኸት እንዳያውከው በሩን ዘጋ። ተንበረከከና ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጠፈ። ጉልበቱና ጆሮው ላይ ያየሁት አቧራ የዚያ ነው። ፊቱን የደፋው ጋዙ መሃል ነበር።»

ዘበኛው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጠላት የገደለውን ሰው ዓይን አይከድንም» አለች ወደ በያጁ ዞራ። «ጎህ ሲቀድ ሲሊንደሩን ልታነሳ መጥተህ አገኘኸው። ትንፋሽህን ይዘህ በጀርባው አንጋለልከው፣ ዓይኑን ከደንክ፣ እጁን አጣመርክ፣ በሩን ዘግተህ ሄድክ።»

በያጁ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «‹ጋሼ! ጋሼ!› ብዬ ጠራሁት። ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ፋብሪካው እንዳይዘጋ ነው… ልጄ መድኃኒት እንዳታጣ ብዬ ነው። ጋሼ እንደሚመለስ በምን ልወቅ!»

ረዳቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ጋሼ ካንተ የደበቀው ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት የልጅህን ደም አስመርምሮ ነበር። ውጤቱ የመጣው ትናንት ነው። ደሟ ውስጥ እርሳስ ሞልቷል። ከዚሁ ጭስ ነው። ልኬቱን ይዤ ፋብሪካውን አስዘጋለሁ፣ ልጅቱንም ከዚህ አወጣታለሁ ብሎኝ ነበር።»

በያጁ ከመሬቱ ላይ ጥላሸቱን በጣቱ ጠርጎ አየው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና ወደ መኪናው ራመድ ማለት ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሲሊንደር ያለ እርስዎ ቃል የፋብሪካውን በር አያልፍም። ጠባቂዎቹን ጠይቄያለሁ፤ ማታ ማታ ‹አሳልፉት› ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ።»

ፖሊሶቹ ሥራ አስኪያጁን ወደ ሌላ መኪና ወሰዱት። በያጁ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፣ እህቴ» አለ። «ልጄን ከዚህ አውጫት።»

ደንቡ ባይፈቅድም ኢንስፔክተሯ ልጅቱን በራሷ መኪና ለማድረስ ወሰነች። ትልቁ ሆስፒታል ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። ረዳቷ ከፊት ተቀመጠች። ልጅቱ ከኋላ ከአባቷ ጎን ሆና ጭንቅላቷን ክንዱ ላይ ጣለች። እሱ የታሰሩ እጆቹን በኮቱ ሸፍኗቸዋል።

«አጎቴስ? አይመጣም?»

«አይመጣም የኔ ዓለም።»

«ተቆጥቶን ነው?»

«አይደለም። አጎትሽ ተቆጥቶን አያውቅም» አለ፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ።

መኪናው የፋብሪካውን አጥር ይዞ ሄደ። ጭስ ማውጫው ገና በቀን መጤስ ጀምሯል። ልጅቱ መስኮቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«አባዬ፣ ክፈትልኝ። አየር ልሳብ።»

«እዚህ አይሆንም ልጄ» አላት። «ትንሽ እንራቅ።»