የጥጥ መጋዘኑ ግድግዳ

ስለ ዳኛቸውና ስለ ተናኘ ሁለት የማይስማሙ ማስረጃዎች ነበሩ። አንደኛው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው፤ ወንድምና እህት ናቸው፣ አባታቸው ተገኝ ይባላል ይላል። ሁለተኛው ከዳውንታውን አትላንታ ወረድ ብሎ፣ በባቡር ሐዲዱ ዳር በቆመው አሮጌ የጥጥ መጋዘን ግድግዳ ላይ የተሳለ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ፎቅ ይሆናል፣ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ግድግዳውን ያየ ሰው ግን ፋይሉን አያምንም።

ፋይሉ የተጻፈው ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ፣ ስደተኞች ሲመዘገቡ ነው። ከዳኛቸው ፊት ተሰልፋ የነበረች ልጅ ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ስትመለስ ቦታዋን ተቀማች።

«እህቴ ናት፤ እኔ ነኝ የያዝኩላት» አለ ዳኛቸው። ስሟን እንኳ አያውቅም ነበር።

ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ጸሐፊው ሁለቱንም በአንድ ወረቀት አሰፈራቸው። ብቻዋን ያለች ሴት ወደ ኋላ ትቀራለች ተብሎ ይወራ ስለነበር ተናኘ ዝም አለች። የአባቷን ስም ትታ የእሱን አባት ስም ይዛ አሜሪካ ገባች።

ፍቅራቸው የመጣው በኋላ፣ አትላንታ ውስጥ ነው። ዳኛቸው በመጋዘኑ ግቢ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ እሷ ሕንፃውን ታጸዳለች። ግቢው ባዶ በሆነ አንድ እሑድ መኪና መንዳት ሊያስተምራት መሪው ላይ እጇን ያዘ።

«ፍሬን ያዢ! ፍሬን!»

«ይዣለሁ። መኪናው ከቆመ ቆየ እኮ። አንተ ነህ እጄን ያልለቀቅከኝ።»

አልለቀቃትም። ሁለቱም ወደ ፊት፣ ወደ ጡብ ግድግዳው እያዩ ብዙ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት በአንድ አፓርታማ፣ በሁለት ክፍል ኖሩ። እንግዳ ሲመጣ በሶፋው ሁለት ጫፍ ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶች «እንዲህ ያለ ወንድም ማን አለው!» ሲሉ ተናኘ አንገቷን ትደፋለች። እውነቱን ቢናገሩ ግሪን ካርዳቸውን ሊነጠቁ፣ ወደ ደርግም ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ አልተናገሩም።

በፈረንጆቹ 1987 መጋዘኑ የሠዓሊዎች መሥሪያና የሱቆች ሕንፃ ሆነ። ከተማው የውጭ ግድግዳው እንዲሳል ሲወስን ሥራውን እዚያው መሥሪያ ያላት ሊንዳ የምትባል ሠዓሊ ወሰደች። ሕንፃው ውስጥ የሚሠሩትን ሰዎች ልትስል አስፈቀደች፤ ዳኛቸውና ተናኘም ቀጥ ብለው ቆመው ፎቶ ተነሡ። ሊንዳ ግን ፎቶውን ተወችው። ለሳምንታት ከመስኮቷ ያየችውን ሳለች፤ ተናኘ መወልወያዋን ይዛ ከበሩ ስትወጣ፣ ዳኛቸው የሰው መኪና ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ሁሉን ረስቶ ሲያያት።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ማሪዬታ ከሚኖሩት ሐበሾች ዘንድ ደረሰ።

«ወንድሜ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል» አለች ባለሱቋ የሺእመቤት ለደንበኞቿ። «አንድ ቀን እንዲህ አይቶኝ አያውቅም!» ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ማሪዬታ ቤት ገዝቶ የሚኖር ሳሙኤል የሚባል ነርስ ተናኘን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይወዳታል። ወሬውን አላመነም፤ ሽማግሌ ላከ።

ተናኘ ይህን ስትሰማ ምሳዋን ይዛ ዳኛቸው ወደሚቀመጥባት ትንሽ የመስታወት ክፍል መጣች። ምግቡን አልነካችም።

«የሚጠይቁት አንተን ነው» አለችው። «እሺ ካልክ እሄዳለሁ። አልቆጣህም። መደበቁ ግን ደክሞኛል፣ ዳኜ።»

«ብናገር ያባርሩሻል።»

«ታዲያ እሺ በላ» አለችና ወጣች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆሙ። ዳኛቸው ወንበር አቀረበ።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ከሦስቱ ታላቁ፣ ጋሽ ገብረሕይወት። «ወጉ ቤትህ መምጣት ነበር። ግን ይህን ነገር በዓይናችን ማየት ነበረብን።» ግድግዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሠዓሊዋ ፈረንጅ ናት፤ ተሳስታ ይሆናል። ሳሙኤል ጨዋ ልጅ ነው። እህትህን ስጠንና ወሬው እዚሁ ይቅር።»

ሊያድኑት እንደመጡ ገባው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ተናኘ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ እሱ አላየችም።

«ልሰጣችሁ አልችልም፣ ጋሼ» አለ። «እህቴ አይደለችም።»

ጋሽ ገብረሕይወት ሳይታወቃቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ያልከውን ታውቀዋለህ?» አሉት። «ይህ እኮ የሐሰት ወረቀት ነው። ሊመልሱህ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ። ነገ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። እሷ ምንም አላለችም። እሷ እዚህ ትቅር።»

ተናኘ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ያላደረገችውን አደረገች፤ አጠገቡ ቆመች።

«አፍ ነበረኝ እኮ፤ ዝም ያልኩት ፈልጌ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ጋሼ፣ ሳሙኤልን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኔ ነገ ከዳኛቸው ጋር ገብቼ እፈርማለሁ። ከመለሱትም አብሬው እመለሳለሁ።»