የታሰሩት መንኮራኩሮች

በ፲፱፻፲፩ ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በጥቅምት ወር በዋለ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ወበቅ በኒው ኦርሊንስ ጎዳናዎች ላይ ከብዶ ሳለ፣ ከፈረንሳይና ከጥቁር የተዋለደው የክሪዮል ወገን የሆኑት የሙሴ ቴሌስፎር ባርቴ ባንድ የሰኞውን ጭፈራ ሊያስታውቅ በበቅሎ ሰረገላ ወጣ፤ ሙሴ ቴሌስፎርም ክላርኔታቸውን በጉልበታቸው አጋድመው፣ ኖታቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፣ እንደ ጦር አለቃ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። አባታቸው በመሠረቱት በዚህ ባንድ ውስጥ ኖታ የማያነብ ሰው ገብቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ባንዱ ባለፈው እሑድ በአደባባይ ተሸንፎ ነበር፤ ዛሬም ቢደገም አዳራሹ ባዶ ይሆናል፤ ባንዱም ይበተናል።

ከማዕዘኑ ያን ዕለት ያሸነፋቸው የኢዝኪየል ፕሩት ባንድ ሰረገላ ብቅ አለ። ኢዝኪየል የክሪዮሎችን ሰፈር ከሌሎቹ ጥቁሮች ሰፈር ከሚለየው ከካናል ጎዳና ማዶ የመጣ፣ የወደብ ተሸካሚ፣ ኮርኔት የሚባለውን አጭር መለከት በጆሮው የተማረ ጥቁር ነው። ሕዝቡም እንደ ልማዱ የሁለቱን ሰረገሎች መንኮራኩር በገመድ አሰረ፤ «በቃኝ» ብሎ ገመዱን የሚያስፈታ እርሱ ተሸናፊ ነው።

«ሙሴ፣ ወረቀትዎን ነፋስ እንዳይወስድብዎ፤ ኋላ ማን ያጫውትዎታል?» አለች ዓሣ ሻጯ ክሌመንቲን።

«አንቺ ዓሣሽን ሽጪ። ከእኔ ወረቀት ይልቅ የሚበላሸው እሱ ነው።»

የሙሴ ቴሌስፎር ሰዎች ሦስት ዜማ አንዲት ነጥብ ሳያዛንፉ ተጫወቱ፤ ሕዝቡ ግን ወደ ኢዝኪየል አዘነበለ። በአራተኛው ኢዝኪየል የጀመረውን ሲሰሙ የሙሴ ቴሌስፎር ፊት ተለወጠ፤ አባታቸው የደረሱት የቀብር ማርሽ ነበር፤ አሁን ግን ለጭፈራ እንዲመች ፈጥኗል።

«ይህን ከማን ሰረቅህ?»

«አልሰረቅሁም ሙሴ። አባትዎ የተቀበሩ ዕለት እርስዎ ከፊት ሲነፉ፣ እኔ ከኋላ ስከተል ሰማሁት። ጆሮ ግብር የለበትም።»

«መካከሉን ስተኸዋል።»

«እንግዲያስ ያርሙኛ። ታስረናል፤ የትም አንሄድ።»

የማርሹ ኖታ እቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሙሴ ቴሌስፎር በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወረቀት ክላርኔታቸውን አነሡ፤ ከኮርኔቱ ድምፅ በላይ ወጥተው የተሳተውን መካከል አቀኑት፤ ኢዝኪየልም ሰምቶ ተከተላቸው። የግዛቲቱ ሕግ ክሪዮሉንና የማዶውን ጥቁር ከነጮች ለይቶ በአንድ የባቡር ፉርጎ ባጎረ ጊዜ ሙሴ ቴሌስፎር ውርደት ብለውት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከዚያ ሰው ጎን በመጫወታቸው አንገታቸው አልተደፋም። መንገዱ በሙሉ ጨፈረ። «በቃኝ» ያለ አልተገኘም።

ገመዱን ክሌመንቲን በዓሣ ቢላዋዋ ቆረጠችው። «ሰኞን አንድ ላይ ተጫወቱ፤ እኔም ሁለት አዳራሽ ከመሮጥ ልረፍ» አለች።

ከአራት ዓመት በኋላ ከተማዪቱን የመታ ታላቅ ማዕበል ያን ሳጥን ከነኖታው ወሰደው። ቆይቶም ሌሎች ሰዎች ማርሹን በሩቅ ከተማ በሸክላ አስቀረጹት፤ በሸክላው ላይ ከዜማው ስም በታች የሰፈረው «ደራሲው ያልታወቀ» የሚል ነበር። የሙሴ ቴሌስፎር ሴት ልጅ ይህን አንብባ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን ሸክላውን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣

«መካከሉን አልሳቱትም» አሉ።