በሟች ክንድ ላይ ያለፈው ገመድ

ኦሪን ቫስኮ የሞተው ሁለት እጁን በተከፈተ አምፕሊፋየር ውስጥ እንደከተተ ነው። መርማሪ ዴላ ፕሩት በማግስቱ ዲትሮይት ወደሚገኘው የድምፅ ዕቃ ሱቁ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ ፎቶግራፉ ብቻ ቆይቷት ነበር። ገዳይ የተባለችው ሴትም እጇ ላይ ካቴና ገብቶ ጥግ ተቀምጣለች።

ኮርሊስ ቲግ ትባላለች፤ ሲንተሳይዘር ተጫዋች ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰባት ዓመት ልጇ የኦዴት ጉዳይ በፍርድ ቤት ይወሰናል። እናትየው ከቀረች አባትየው ልጅቷን ይዞ አሪዞና ይገባል። ሰዓቱ ደግሞ ሰባት አልፏል።

«ማብሪያው ላይ ያለው የእሷ አሻራ ብቻ ነው» አለ ሳጅን ቦይስ። «ሰውየው እጁን ከትቶ ሲሠራ አበራችበት። ነገር አታብዢ ዴላ፤ ስምንት ተኩል ላይ ወህኒ አስረክባታለሁ።»

«እስከዚያ የኔ ናት» አለችና ወደ ኮርሊስ ዞረች። «ምን ልትገዢ ነው የመጣሽው?»

«አምፕሊፋየርና ስፒከር። የሲንተሳይዘሬ ወፍራም ድምፅ የቤቴን ስፒከር ቀደደብኝ። ቫስኮ ጉልበት ያለው አዲስ ትራንዚስተር ውሰጂ አለኝ፤ እኔ ግን በትራንዚስተር ፋንታ በአምፖል የሚሠራው የዚህ አሮጌ አምፕሊፋየር መልክ ልቤን ወሰደው። ‹እንግዲያው ሆዱን ዘርግፌ በትራንዚስተር እሞላልሻለሁ› አለ።»

«ማን አበራው?»

«እኔ፤ ስንሞክረው። አልክድም! ከዚያ ሶኬቱን ራሱ ከግድግዳ ነቀለ። የመረጥኳቸውን ስፒከሮች ቤቴ ወስጄ እንድሰማቸው መኪናዬ ላይ ጫንን። ስፒከር በሚኖርበት ክፍል ካልተሰማ አይመረጥም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ስሄድ በሕይወት ነበር። እባክሽ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው!» እንባዋን ልትጠርግ ብትሞክር ካቴናው ያዛት። ዴላ መሐረቧን አውጥታ ጠረገችላት፤ ግን እንባ ማስረጃ አይሆንም።

ከቫስኮ ጋር አርባ ዓመት የሠራው ጠጋኝ ሉዶ ሁሊክ ሥራ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ስወርድ ወድቆ አገኘሁት» አለ። «አምፖሎቹ በርተው ነበር። ምንም ሳልነካ ፖሊስ ጠራሁ።»

«ዕቃውን ማን ሠራው አቶ ሁሊክ?»

«እኔ፣ በወጣትነቴ። እንደሱ ያለ ሌላ የለም።»

ዴላ ፎቶግራፉን መስኮት አጠገብ ወስዳ አፍጥጣ አየችው። ሽማግሌው ወደ ጓሮ ሲወጣ የሟችን ሚስት ማርዜናን ጠጋ አለቻት። ፎቶው ላይ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በገመድ የታሰሩትን አሳየቻት። «እነዚህ ትንንሽ ስፒከሮች የማን ናቸው?»

«የሉዶ መሞከሪያዎች ናቸዋ። ፎቅ ላይ ይቆልፍባቸዋል፤ ለኦሪን እንኳ አያውስም ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በሱቁ የድምፅ መስሚያ ክፍል ተሰበሰቡ። ቦይስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ዴላ። «ይህ አሮጌ ዕቃ ስፒከር ሳይታሰርበት ቢበራ ምን ይሆናል? ኮርሊስ?»

«ምንም። ድምፅ አይወጣም፣ በቃ። የኔው እንደዚያ ነው።»

ማርዜና ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ አቧራውን እንኳ እንዳራግፍ አይፈቀድልኝም።»

«ይቃጠላል!» አለ ሁሊክ። «አምፖል ያለበት ባዶውን አይበራም፤ ውስጡ ይነድዳል!»

«አመሰግናለሁ። ኮርሊስ ስፒከሮቹን ጭና ስለሄደች ዕቃው ባዶውን ቀረ። ማብሪያው እሷ ባበራችው እንዳለ ነው፤ ቫስኮ ሶኬቱን ነቅሎ ተማምኖ እጁን ከተተ። ገዳዩ ማብሪያውን መንካት አላስፈለገውም፤ ሶኬቱን መልሶ ሰካው። አሻራዋም እንዳለ ቀረ። ወንጀሉ በእሷ እንዲላከክ ደግሞ ዕቃው እንደበራ መገኘት ነበረበት። ችግሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ይህን የሚያውቀውና ለዕቃው የሚሳሳው ገዳይ ፎቅ ወጥቶ ስፒከር አምጥቶ አሰረለት።»

«ራሱ ኦሪን አስሮት ቢሆንስ?» አለ ቦይስ።

«የስፒከሩን ገመድ ፎቶው ላይ ተመልከተው። ከክንዱ በላይ፣ እጅጌው ላይ ተጋድሟል። ከወደቀ በኋላ የተዘረጋ ነው። ኮርሊስ እንዳታስረው ቁልፍ የላትም፤ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው አንገት ላይ ነው። እሱ ደግሞ ምንም አልነካሁም ብሎኛል።»

ሁሊክ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ።

«ፒንሳ ይዞ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ተው አልኩት፣ ለመንኩት። ‹አሮጌ ቆርቆሮ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። አንጀቱን ሲቆራርጠው ቆሜ ልይ?»

ማርዜና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቦይስ ካቴናውን ከኮርሊስ አውልቆ ለሽማግሌው አጠለቀለት። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

ኮርሊስ እየሮጠች ከበሩ ደረሰችና ተመለሰች። ትናንት ሱቁ ውስጥ ስታገኘው ሁሊክን አንቱ ትለው ነበር፤ አሁን ግን አላለችውም።

«ልጅ እንዳለኝ ታውቅ ነበር። ትናንት እዚሁ ቆመህ ፎቶዋን አሳይቼሃለሁ። ለቆርቆሮው ያዘንክለትን ያህል ለእሷ ብታዝንላት ምን ነበረበት?»

ሁሊክ አንገቱን ደፋ።

ዴላ መኪናዋን አስነሥታ ጠበቀቻት። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ለዘጠኝ አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ኮርሊስ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወረደች፤ ኦዴት ደረጃው ላይ በአባቷ እጅ ተይዛ ስታያት «እናቴ መጣች!» ብላ እጇን መንጭቃ ሮጠች።