ሰባቱም «አቤት» አሉ

ይሄ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው። የማያምነኝ አይመነኝ። አለመታመን ለኔ አዲስ አይደለም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በፈረንጆቹ 2007፣ ፌብሩዋሪ ውስጥ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ በነሱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበር።

ይሄን አስቀድሜ የምናገረው «ጨለማ አስፈራርቶት ነው» እንዳትሉኝ ነው...

ቦታው ካልጋሪ ከተማ፣ ካስልሪጅ ሰፈር፣ የምኖርባት ታውንሃውስ ናት። የዚያን ቀን ቺኑክ ገብቶ ነበር። ከተራራው የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው። ጠዋት አጥንት የሚሰብር ብርድ የነበረው፣ ከሰዓት በረዶው ውሃ ይሆናል። ጣሪያው ጠብ... ጠብ... ይላል። ሰው ራሱን ያመዋል።

ስሜ ወልደየስ ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ያኔ የትምህርት ቤት ባስ እነዳ ነበር። የባስ ሥራ መቁጠር ነው። የተሳፈረውን ትቆጥራለህ፣ የወረደውን ትቆጥራለህ። መጨረሻ ላይ ሞተሩን አጥፍተህ እስከ ኋላ ወንበር ትሄዳለህ፣ የተኛ ልጅ እንዳይቀር። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ልጅ ረስቼ አላውቅም።

ሚስቴ ቆንጅት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት። ሳምሪ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት።

ሳምሪ ስትጠራ «አቤት» አትልም።

«ሳምሪ!» ስላት፣ ከፎቅ ሆና «ዋት?» ነው የምትለኝ። ስልችት ባለ ድምፅ።

በዚች ቃል ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

«አቤት በይ! አባትሽ ነኝ!»

«ኦኬ አባ... ዋት?»

ይቺን ያዙልኝ።

ሌላው የማነሳላችሁ ሰው ጌዲዮን ነው፤ የቆንጅት ታናሽ ወንድም። ዳውንታውን የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ኢንጂነር ነው። ያኔ ነዳጅ ተወዶ ከተማው በክሬን ተሞልቶ ነበር፤ እሱም ቸስተርሚር ሐይቅ ዳር ቤት ገዛ። በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። አንድ ቀን «ጋሼ» ብሎኝ አያውቅም። «ወልዴ» ነው፣ ሰው ፊት ሁሉ።

የቆንጅት ሙት ዓመት ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«ወልዴ፣ ልጅቷን አታስጨንቃት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

ሰው ሳቀ። ሙት ዓመት ላይ። ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት አለ።

በዚያ ክረምት ሳምሪ «ሶሮሪቲ ገባሁ» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሴቶች ግሩፕ ነው አባ። ሲስተርስ እንባባላለን። የኛ ደግሞ መልቲካልቸራል ነው፣ ከሁሉም አገር።»

«እንደ ጽዋ ማኅበር ነዋ! መሐላ አለው?»

የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋች።

«... አለው» አለች።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰው አትቀርብም ነበር። አስከትላ ግን ቤልትላይን የሚባል ሰፈር ከነዚህ «እህቶቿ» ጋር አፓርትመንት እንደምትገባ ነገረችኝ።

«ከዚህ ቤት አትወጪም» አልኳት። «ከፈለጉሽ እነሱ ይምጡ። ቤቴ ቤታቸው ነው በያቸው።»

ፊቷ ተለወጠ።

«አባ፣ እነሱን እንደዚያ አይባልም።»

«ለምን?»

«የተባሉትን እንደተባለ ነው የሚወስዱት። እኔ ብሄድ ነው የሚሻለው። ለአንተ ነው።»

ለኔ! ልጅ ትታኝ ልትሄድ፣ ለኔ አስባ። አልሰማኋትም፤ ቅዳሜ እንዲመጡ አስጠራኋት።

ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ደወሉ አንድ ጊዜ ተደወለ።

ስድስት ነበሩ።

አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ቻይና የምትመስል፣ አንዷ ጸጉሯ ቀይ... መልካቸው ለየቅል ነው። ቁመታቸው ግን አንድ። የሳምሪ ቁመት።

ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ደረደሩ። ስድስት ነጭ ስኒከር። ጎንበስ ብዬ ላስተካክል ስል አየሁት...

ውጪ ጎዳናው የቀለጠ በረዶ፣ ጭቃና ውሃ ነው። ጫማዎቹ ደረቅ ነበሩ። ሶላቸው ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

ቁጥራቸውም የሳምሪ ቁጥር ነው። ስድስቱም።

በመኪና መጥተው ይሆናል አልኩ። መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም።

ቀይ ወጥ ሠርቼ ነበር። እንጀራውን ከሱቅ ገዛሁ። አቀረብኩ፤ አልነኩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።

«ምን ሆኑ?»

«ካላጎረስካቸው አይበሉም» አለች ሳምሪ። አታየኝም ነበር።

«ሃ! ባህሉን ነግረሻቸዋላ!»

«እኔ አልነገርኳቸውም።»

አጎረስኳቸው። ተራ በተራ፣ ስድስት ጉርሻ። ጣቴ ከንፈራቸውን ሲነካ... ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ሥጋ የነካሁ መሰለኝ።

«ብሉ ልጆቼ፣ ብሉ» አልኩ።

የአፍ ልማድ ነው። ቤትህ የገባን ወጣት ልጄ ትለዋለህ። የማይል ማን አለ?

ስድስቱም ማኘክ አቆሙ። በአንድ ጊዜ።

ግሬስ የምትባለው፣ ዋናቸው መሰለችኝ፣ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ምንም» አለች ሳምሪ።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«... ልጆቼ ያልከው የእውነትህን ነው ወይ ነው የምትለው።»

«ታዲያ በውሸት ነው? በያት።»

«በራስህ አፍ በለው ትላለች። ሦስት ጊዜ። ‹ከሳምሪ አልለያችሁም› ብለህ።»

ሳቄ መጣ። ቁም ነገር አስመስለውታል! ግን ስድስት ልጃገረድ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አፌን ሲጠብቁ... ልዋሻችሁ? ደስ አለኝ። አፌን የጠበቀ ሰው ከመቼ ወዲህ አግኝቼ አውቃለሁ?

«ልጆቼ ናችሁ። ከሳምሪ አልለያችሁም።»

አንድ።

ውጪ የጣሪያው ጠብታ ዘገየ። ጠብ......... ጠብ.........

«ልጆቼ ናችሁ። ከሳምሪ አልለያችሁም።»

ሁለት።

ሳምሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ በትንፋሿ ብቻ...

«አባ... ሦስተኛውን አትበል።»

«ለምን?»

«ፕሊስ አባ። እለምንሃለሁ። አትበል።»

እዚህ ላይ ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገራችሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለች የወላጆች ቀን ሄጄ፣ መምህሯ ፊት «አባ፣ አንተ አታውራ፣ እኔ ላውራ» ብላ አፌን አስይዛኛለች። እንግሊዝኛዬ አሳፍሯት። ያቺ ቀን መጣችብኝ። ዛሬም ጓደኞቿ ፊት አፍራብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

ብድግ አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩት።

«ልጆቼ ናችሁ! ከሳምሪ አልለያችሁም!»

ሦስት።

ጠብታው ቆመ።

ነፋሱም ቆመ። ጣሪያው ላይ፣ መንገዱ ላይ፣ የጎረቤት ቤት... ድምፅ የሚባል ጠፋ።

«ኦኬ» አለች ሳምሪ። ቀስ ብላ።

ውሃ ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ፣ ጀርባዬን ለሳሎኑ ሰጥቼ እንደ ልማዴ ተጣራሁ።

«ሳምሪ! ብርጭቆ አምጪ!»

«አቤት!»

ሰባት ድምፅ ነው። በአንድ ትንፋሽ። የፈረንጅ ቅላፄ የለበትም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው «አቤት» ነው።

ጆጉ ሞልቶ ውሃው በእጄ ላይ ሲፈስ ቆየ። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ዛሬም አላውቅም።

ተመልሼ አየኋቸው። ሰባቱም ሶፋው ላይ በተርታ ተቀምጠው ፈገግ ብለውልኛል። ሳምሪም ጭምር።

ሳምሪ እናቷ ከሞተች ወዲህ ፈገግ ብላ አታውቅም።

«አስተምረሻቸው ነው አይደል?» አልኩ። ሳቄ አልመጣ አለ።

ሰባቱም ተነስተው ወደ ሳምሪ ክፍል፣ ወደ ፎቅ ወጡ። ደረጃው እንጨት ነው፤ አሮጌ ነው፤ ድመት ቢወጣበት ይጮሃል።

ቆጠርኩ። ሰባት ሰው ወጣ።

የሰማሁት የአንድ ሰው ኮቴ ነው።

ኩራቴን ዋጥኩና ጌዲዮንን ኮል አደረግኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከቸስተርሚር ከች አለ።

«ምን ሆንክ ወልዴ? ማን ታመመ?»

«እስቲ ውጣና ሳምሪን አይልኝ። እንግዶች አሉ። ስንት እንደሆኑ ቁጠርልኝ።»

«ጠጥተሃል እንዴ?»

«ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። በሩን ሲያንኳኳ ሰማሁ። ሲከፈት ሰማሁ። ሲዘጋ ሰማሁ...

አሥር ደቂቃ ቆይቶ ወረደ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«ጋሼ ወልደየስ» አለኝ።

ጋሼ። የዕድሜ ልኬን የጠበቅኳት ቃል። ጆሮዬ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ብረት አረፈች።

«ምን አየህ?»

«ምን አያለሁ፣ ልጆችህን ነዋ። ሲያድጉ ሁሉም ቆንጅትን ቁርጥ! የተባረክ ሰው ነህ። ሰባት ልጅ... እኔን እየኝ፣ አንድም የለኝ።»

«ጌዲዮን... አንዷ እኮ ቻይና ናት።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ግን ጋሼ... ሰባቱም በዚያች በአንዷ አልጋ ነው የሚተኙት?»

መልሴን አልጠበቀም። ሄደ።

እነሱ ግን አልሄዱም።

ማግስቱን እሁድ አብረውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ነጠላ ለብሰው። እትዬ ሙሉሸዋ፣ ዱሮ ሰላምታ የምትነፍገኝ፣ እጄን ይዛ «እንዲህ ያለ የተባረከ ቤት! ሰባት ሴት!» አለችኝ። ወንበር ለቀቁልኝ። ኮሚቴ መረጡኝ።

ቤቴ ይጠረጋል። ልብሴ ይታጠባል። ስጣራ «አቤት አባዬ» ይሉኛል። የድሮዋ ሳምሪ «አባ» ነበር የምትለኝ። ይቺኛዋ እንደ ሌሎቹ «አባዬ» ናት። መልኳ የሳምሪ ነው፣ ድምፅዋ የሳምሪ ነው። አንድም ቀን አልተጣላችኝም።

በመጀመሪያው ዓመት አለቅስ ነበር። አሁን ትቻለሁ። ሰው ይለምዳል። ጥርስ ሲነቀል በማደንዘዣ እንደሚሆነው ነው፤ እየተጎተተ መሆኑን ታውቃለህ፣ አያምህም።

ነዳጁ ረከሰ። ጌዲዮን ከሥራ ወጣ፣ ቤቱን ሸጠ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ጸጉሬ ነጣ።

ሰባቱም ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ይሄን የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ በሆነው ምክንያት ነው።

ቺኑክ ነበር። ጣሪያው ጠብ... ጠብ... ይላል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ምሳ አቅርቤ ሰባቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ይበላሉ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ደረጃው ሥር ሄጄ እንደ ዱሮው ወደ ላይ አንጋጥጬ ተጣራሁ።

«ሳምሪ!»

«አቤት!» አሉ ከኋላዬ። ሰባቱም።

ከዚያ... ከእግሬ ሥር...

ወለሉ ላይ ሙቅ አየር ከሚወጣበት የማሞቂያ ቀዳዳ፣ ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ስልችት ባለ ድምፅ...

«ዋት?»

ዞር ብዬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። ጠረጴዛው ላይ ማንም አልጎደለም።

ማኘክ አቁመው ነበር። ሁሉም ያዩኛል።

«አባዬ» አለች ግሬስ፣ በጠራ አማርኛ። «ማንን ነው የጠራኸው?»

ከታች አሁንም፣ ዝግ ብሎ...

«አባ? ... ዋት?»

«ማንንም» አልኩ። «ብሉ ልጆቼ።»

ወንበር ስቤ እዚያው ተቀመጥኩ። ካልሲ ያጠለቀ እግሬን ፍርግርጉ ላይ አሳርፌ ቀዳዳውን ሸፈንኩት።

ማሞቂያውን ከጠዋት ጀምሮ አጥፍቼው ነበር።

እንደ ትንፋሽ ያለ ሙቀት ግን ውስጥ እግሬን ይነካኛል... ይመለሳል። ይነካኛል... ይመለሳል።