የንግሥቲቱ ልቅሶ

ኢንስፔክተር ብርነሽ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ጠጠሩን በአውራ ጣቷ ገፋ፣ ፍሬውን ወደ ራሷ ሳብ ታደርጋለች። ስልኳ ሲጮህ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው። ሳጅን ገዳ ነበር።

«ለቡ ነኝ፣ አዲሱ አዳራሽ። ጸሐይወርቅ ሞታለች።»

«የቷ ጸሐይወርቅ?»

«ዘፋኟ ነቻ! ስንት ጸሐይወርቅ አለች?»

ብርነሽ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ተነሳች። በሠርጓ ቀን የተጨፈረው በዚች ሴት ዘፈን ነበር።

ጸሐይወርቅ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠርግና የፍቅር ዘፈን ስትዘፍን ኖራ፣ በአርባ ዓመቷ «ኦፔራ ልጫወት ነው» ብላ አገሩን ያስገረመች ሴት ነበረች። ማይክ የለ፣ እስክስታ የለ፤ በገዛ ደረቷ ብቻ አዳራሽ መሙላት። የልጇን ሞት የምትሰማ ንግሥት ሆና ልትጫወት፣ መክፈቻው የፊታችን እሑድ ነበር።

ብርነሽ ስትደርስ አስከሬኑ ከመድረኩ በታች፣ ለሙዚቀኞች መቀመጫ በተሠራው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ነበር። ከመድረኩ ጠርዝ እስከ ታች ከሰው ቁመት ይበልጣል። የሟቿ ሁለት ጉንጮች ከላይ ወደ ታች ተቧጭረዋል። የንግሥቲቱ ነጭ ኩታ ወገቧ ላይ ጠብቆ ታስሯል።

«ተደባድባ ነው የተገፈተረችው» አለ ገዳ። «ማርቲ የምትባለዋ ተቀባይ ዘፋኝ ጠዋት ስትጣላት ተሰምታለች። ባልየውም እሷው ነች እያለ ነው። ጥፍሯን ቢያዩት፣ የንስር ነው! ይዣት ልሂድ?»

«ቆይ እስቲ።» ብርነሽ የሟቿን እጅ አንስታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ በቀስታ መልሳ አስቀመጠችው።

አስከሬኑን ያገኙት የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ ኑረዲን በሩ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ያሻሉ።

«ምን ሰሙ፣ ጋሼ?»

«ስትዘፍን ነዋ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ፒያኖው እየተመታላት ትጮኻለች። ወላሂ፣ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ግን ይኼ ኦፔራ የሚሉት ሁሌም ጩኸት አይደል? እኔ ደግሞ ‹ዛሬስ ማይኩን የቀሟት ቀን ትዝ አላት› ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።» መቁጠሪያቸውን ጨበጥ አደረጉት። «ጸጥ ብሎ ሲቆይ ውኃ ላቀብላት ገባሁ። ስቄባት ነበር፣ ልጄ።»

ማርቲ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ጸሐይወርቅ ብትታመም በእሷ ቦታ እንድትገባ የተዘጋጀችው እሷ ነበረች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በስልክ። ‹አበድሪኝ፣ እናቴ ጋ ልደውል› አለችኝ። ከለከልኳት።»

«ምነው?»

ማርቲ ከንፈሯን ነከሰች። «እናቷ ሞተዋል። ረቡዕ ተቀበሩ። ባሏ ጋሽ እንግዳ ‹እሑድ ትጫወት፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ትረዳለች› አለ። ሰው አፉን እንዳያመልጠው ፈርቶ ስልኳን ‹ለጥገና ሰጠሁት› ብሎ ወሰደባት። ስልኩ መወሰዱን ከእሷ ሌላ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።»

«ሞታቸውንስ?»

«እዚህ ካለነው ሦስታችን ብቻ። ድምፅ የሚያስተምራት መምህር ሚሳኤልም ተነግሮታል።» ማርቲ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ኦፔራ ማለት ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየዘፈኑ መሞት ነው እያልኩ እቀልድባት ነበር። ዛሬ ግን ‹አንቺ ንፉግ› ብላኝ ሄደች። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው።»

«ፒያኖ የሚመታላት ማነው?»

«መምህር ነው። እሱ ከሌለ ስልኳ ላይ የቀዳላትን ከፍታ ትለማመዳለች። እኔማ ክራርም በጸሎት ነው የምነካው።»

ባሏ አቶ እንግዳ መኪናው ውስጥ መሪውን ተደግፎ ነበር። ብርነሽ ልታናግረው ጎንበስ ስትል ደረት ኪሱ ውስጥ ስልክ ተርገበገበ። አወጣው። መስተዋቱ ላይ «እማዬ» የሚል ይነበባል።

«የእሷ ስልክ ነው፤ ከልቅሶው ቤት ነው የሚደውሉት» አለ። «በእናትየው ስልክ ይደውላሉ። ይኼን እንዳታይ ነበር የፈራሁት።»

«ከእጅዎ ወጥቶ ያውቃል?»

«ማታም ትራሴ ሥር ነው።»

የድምፅ አስተማሪዋ ሚሳኤል ረጅም ዘመን ጣሊያን ኖሮ የተመለሰ ቀጭን ሰው ነው። ፒያኖው አጠገብ ቆሞ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ድምፅ ነበራት» አለ። «ሐዘን ግን የላትም። ንግሥቲቱን እንደ ሙሽራ ነው የምትዘፍናት።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ብስራተ ገብርኤል፣ ቤቴ። በስልኳ ቅጂውን ከፍታ እየተለማመደች ትቻት ወጣሁ።»

ብርነሽ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉንም መድረኩ ላይ ጠራቻቸው።

እንግዳ ማርቲን ሲያይ ፊቱን አዞረ። «ገና አልታሰረችም እንዴ?»

«አትታሰርም» አለች ብርነሽ። «ፊቷን የቧጨራት ሰው የለም፤ ቆዳው የተገኘው በገዛ ጥፍሮቿ ሥር ነው። ማርቲ፣ ንግሥቲቱ ኩታዋን የት ነው የምታደርገው?»

«ትከሻዋ ላይ።»

«እሷ ግን ወገቧን ታጥቃበታለች። ፊቷን ነጭታ፣ ወገቧን ታጥቃ። ጋሽ ኑረዲን የሰሙት ዘፈን አልነበረም። ጸሐይወርቅ እናቷን እያለቀሰች ነበር። እዚሁ፣ ብቻዋን፣ ቆማ ተረድታለች።»

እንግዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«መርዶ የሚነገረው ለምን ጎህ ሲቀድ፣ ለምን በብዙ ሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን» አለች። «ግራና ቀኝ ተቀምጠው ክንዷን ካልያዟት ራሷን መሬት ላይ ትወረውራለችና። ጸሐይወርቅ የቆመችው ንግሥቲቱ በምትቆምበት ጠርዝ ላይ ነበር። ራሷን ስትወረውር መሬቱ አልነበረም። የሚይዛትም አልነበረም።»

«ማነው የነገራት?» አለ እንግዳ።

«እያለቀሰች ሳለ ፒያኖ ይመታ ነበር። ከስልክ እንዳንል፣ ስልኩ ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። መምህር፣ መወሰዱን አልሰሙም ነበር፤ ስለዚህ ከሌለ ስልክ ዘፈን አሰሙን።»

ሚሳኤል እጆቹን አያቸው። ለመካድ አፉን ከፈተ፣ ግን ሌላ ነገር ወጣው።

«እንድታለቅስ ነበር የፈለግሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እውነተኛውን እንድታውቀው። ስትጮህ… በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሐዘኑ መጣላት ብዬ የፒያኖው ቁልፎች ላይ አቀረቀርኩ። ቀና ስል የለችም።»

«ጋሽ ኑረዲን በሩ ላይ ነበሩ። አስከሬኑን ያየው ሐኪም እንደሚለው ወዲያው አልሞተችም። ለምን አልጠሯቸውም?»

ሚሳኤል መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ገዳ በኋላ በር፣ ቀን ጋሽ ኑረዲን ሳያዩት ሸሽቶ በወጣበት በር፣ ይዞት ሄደ።

እንግዳ ወደ ማርቲ እጁን ዘረጋ፤ ይቅርታ ሊላት ነበር። «እኔ ባልደብቃት ኖሮ» አለ በመጨረሻ። «ለአንድ እሑድ ብዬ። ዘመዶቿ መሐል ብትረዳ ኖሮ…»

ማርቲ ሄዳ በግራው በኩል ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ክንዱንም አጥብቃ ያዘችው። ያን ጊዜ ነው የጮኸው።

ደጅ ላይ ጋሽ ኑረዲን በርጩማ ላይ ወጥተው የእሑዱን ፖስተር ከግድግዳው ይነቅላሉ። እንዳይቀደድ ማዕዘኑን በጥፍራቸው እያላቀቁ ቀስ ብለው አወረዱት። ፊቷ እንዳይታጠፍ በሰፊው ጠቀለሉት፣ በሲባጎ አሰሩት፣ ከበሩ ጀርባም አቆሙት።