የጋሼ በረዶ ወንድም

«ቶሎ በይ» አላት ጋሼ በረዶ። «እየመጣ ነው።»

ድርጭት ጓንቷን አውልቃ በጥርሷ ነክሳዋለች። ጣቶቿ ከቅዝቃዜው የተነሳ የራሷ አይመስሉም። የመድኃኒት ካርቶኑን ጠርዝ በስለት ከፈተች። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለውን መከታተያ ስፖንጁ ውስጥ ሸጎጠች። መልሳ በፕላስተር አሸገችው።

የፕላስተሩ ጫፍ ተጨማዷል። በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳመጠችው።

አልተስተካከለም።

የብረት በሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ።

«ስንቴ ልንገርሽ?» ጋሼ በረዶ ድንገት ጮኸባት። «ያለ ካፖርት እዚህ አትግቢ አላልኩም? ነገ ሳንባሽን ስትታመሚ እኔ ልጠየቅ ነው?»

መነጽራሙ ገባ። የካርቶኖቹ ባለቤት የዶክተሩ ሰው ነው። ጌታው እቃ በላከ ቁጥር አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ከካርቶኖቹ አይለይም። መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ ካርቶኖቹን።

«ምን ትሠራለች እዚህ?»

«ትራንዚተር ናት» አለ ጋሼ በረዶ። «የደንበኞቿን ክትባት ልታይ ብላ ነው። ክትባቱ ደህና ነው፤ እሷ ናት ደርቃ የቀረችው።»

መነጽራሙ አልሳቀም። ወደ ካርቶኖቹ ተጠጋ። እጁን ዘርግቶ አንዱን ዳሰሰ። ቀጣዩን ዳሰሰ። ከተጨማደደው ፕላስተር ላይ ሲደርስ ቆመ።

ድርጭት ስለቱን እጅጌዋ ውስጥ ሸጎጠች።

«ተው እንጂ ወንድሜ» አለው ጋሼ በረዶ በረጋ ድምፅ። «ሙቀት ትሰጠዋለህ። ቢበላሽ ለጌታህ ምን ልትለው ነው? ዳሰስኩት ልትለው ነው?»

እጁ ተመለሰ።

እሷ ካፖርት ስለሌላት ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። መጋዘኑ ውስጥ ግራና ቀኝ የተከመረው ጭነት ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። የፋብሪካ መለዋወጫ፣ የጨርቅ ጥቅል፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሁሉም ተራ ጠባቂ ነው። ከጠባቡ የባሕር በር ማዶ ያሉት ታጣቂዎች መርከብ በድሮን መምታት ከጀመሩ ወዲህ ባሕሩ የሚደፍረው ጠፍቷል። መርከቦቹ አህጉሩን ዞረው ይሄዳሉ። ወደቡ ላይ ክሬኖቹ ሥራ ፈትተው ቆመዋል። ከባሕር የቀረው ጭነት ሁሉ ወደ አውሮፕላን ሮጠ። ሆኖም ሰማዩም ቢሆን እዚህም እዚያም ተዘግቷል። አውሮፕላኖቹ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ ነዳጅ ይበዛባቸዋል፤ ነዳጅ ሲበዛ ጭነት ይቀንሳሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው።

ያለ ተራ የሚያልፍ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። መድኃኒት። ቀዝቃዛ መድኃኒት ደግሞ ሳይከፈት ያልፋል።

ዶክተሩ ያቺን ቀዳዳ አገኛት። መድኃኒት ነጋዴ ነው፤ አንድ በሽተኛ መርምሮ አያውቅም። ከእሱ ካርቶኖች ሥር፣ ከመርፌዎቹ በታች፣ ድሮን የሚመሩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይጓዛሉ። ባሕሩን የዘጋው ነገር ራሱ የበሽተኛውን ቦታ ይዞ በአውሮፕላን ይሄድ ነበር።

ከበር ውጭ ስልኳን አንስታ፣ በስለላ ሥራዋ «አጎት» ብላ ለምትጠራው አለቃዋ ደወለች።

«አጎቴ፣ ደህና ዋሉ? ልብሱ ተሰፍቷል።»

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉም ተተክሏል።»

«ጎበዝ ልጅ።»

ተዘጋ።

ጋሼ በረዶን ለዚህ ሥራ ያመጣችው እሷ ናት። የቀዝቃዛ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ስሙን የጫኝና አውራጆቹ ቀልድ አውጥቶለት፣ እሱም ወዶት ቀረ። አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ ከእናታቸው ሞት በኋላ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው። ወንድሙ የጭነት መርከብ ላይ መካኒክ ነው። ጋሼ በረዶ የካርቶኖቹን ጉድ ስትነግረው ብዙ አላሰበም።

«የምትይኝን አደርጋለሁ» አላት። «ያንን ልጅ ብቻ ጠብቁልኝ። እሱ ያለበት መርከብ በዚያ የባሕር በር እንዳያልፍ።»

«እናቴ ትሙት፣ አያልፍም» አለችው።

እናቷ ከሞተች ቆይታለች።

አጎት በሳምንቱ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ውስጥ አገኛት። ጉንጩን በመሐረብ ይዞ ተቀምጧል። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ቁልፏ ደርሳለች» አላት፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ። «ዋሻ ውስጥ ገብታ ድምጿ ጠፋ እንጂ። አሁን ሌላ ሥራ አለሽ። የዚያ የመካኒኩ መርከብ ወኪል የናንተ ቢሮ ነው አይደል?»

«ነው።»

«በባሕር በሩ በኩል ይምጣ። የጦር መርከብ ያጅበዋል። ባለቤቶቹ ተስማምተዋል። ካፒቴኑ ግን ከወኪሉ ካልሰማ አይንቀሳቀስም። ደውዪና ንገሪው።»

«ሰውዬው እኮ አደራ ብሎኛል።»

«አደራሽን ነው የምንጠብቅልሽ። አጅበን እናስገባዋለን። ዞሮ ከሚንከራተት ቶሎ ቤቱ ይገባል።»

አመነችው። ሥራዋ ሰው አለማመን ነው፤ እሱን ግን አመነችው። በዚያው ቀን ለካፒቴኑ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ታጅቦ ቶሎ እንደሚገባ ለጋሼ በረዶ ነገረችው። ዞር አለና ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ ያየ መሰለ። ፊቱን ሲመልስ ፈገግ ብሎ ነበር።

«አልጋውን ላንጥፍለታ» አለ።

መርከቡ በሩ ጋ በሚደርስበት ጠዋት ድርጭት ወደ ወደቡ ሄደች። ለአንድ ደንበኛ የዘገየ ኮንቴይነር ልትጠይቅ ነበር። የጉምሩኩን ሕንፃ ዞራ ስትወጣ እግሯ ተተከለ።

አጃቢ የተባለው የጦር መርከብ እዚያው ነው።

በወፍራም ገመድ ከወደቡ ጋር ታስሯል። መርከበኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው አጥሩን ቀለም ይቀባሉ። አንዱ ያፏጫል።

ደወለች። የኮድ ወጉን ረሳችው።

«አጃቢው እዚህ ነው!»

የአጎት ድምፅ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር።

«ድርጭት፣ ዓሣ ያለ ትል አይያዝም። ከየት እንደሚተኩሱ የምናውቀው ሲተኩሱ ብቻ ነው። አውሮፕላኖቻችን ተዘጋጅተዋል። ዛሬ ያ ቦታ ይጠፋል። ከነገ ወዲያ ስንት መርከብ በሰላም እንደሚያልፍ አስቢ።»

«እዚያ ላይ ሰዎች አሉ። እኔ ነኝ ኑ ያልኳቸው።»

«ለዚህ ነው የመጡት። ቢሮሽ ግቢና ሥራሽን ሥሪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወደ ካፒቴኑ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም።

ቀዝቃዛ ክፍሉ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ለጋሼ በረዶ ሁሉንም ነገረችው። የምትደብቀው አላስቀረችም። እሱ አልጮኸም። አልሰደባትም። ካፖርቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

«በሬ ካራጁ ይውላል አሉ» አለ። «መርከቦቹን የሚያናግሩበት ሬዲዮ ቤት እንሂድ። የሬዲዮው ሰው ለመርከበኛ ቤተሰብ አይጨክንም።»

በመንገድ ላይ አስጠነቀቀችው። መገናኛው ክፍት ነው፤ ማንም ይሰማዋል፤ የዶክተሩም ሰዎች ጭምር። ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ የሚያውቁትን ነገር ፈልጎ በሱ እንዲናገር ነገረችው።

«አንቺ ለምን አትናገሪም?» አላት።

«ከኔ ይልቅ እርስዎን ያምናል።»

እውነት ነው። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። የሷ ድምፅ መሰማት የለበትም።

የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ጋሼ በረዶን ሲያይ ወንበሩን ለቀቀለት። «የቤት ጉዳይ ከሆነ ቶሎ ጨርስ፣ ወንድሜ» አለው። መርከቡ ተጠራ። መካኒኩ እስኪመጣ ተጠበቀ። ድርጭት በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አየች። ውሃው ፀጥ ብሏል።

«ወንድም ጋሼ?» አለ የመካኒኩ ድምፅ በሬዲዮው ፉጨት መሐል። «ምን ሆናችሁ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ስማኝ። የጎረቤታችን ውሻ ተፈቷል።»

«የምን ውሻ?»

«ልጆች ሳለን። ውሻው ሲፈታ የት ነበር የምንገባው?»

መካኒኩ ሳቀ። «ወንድም ጋሼ፣ ናፍቄህ ነው? ማታ እኮ እገባለሁ። ያኔ እናወራዋለን። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ልዝጋው።»

ጋሼ በረዶ ወደ ድርጭት ዞረ። ፈቃዷን የሚጠይቅ መሰላት። ከዚያ ግን ፊቱን መለሰ።

«ስማኝ አንተ ልጅ! ልትመቱ ነው! አጃቢ የሚባል የለም፣ ዋሽተዋችኋል! ሰዎቹን ሁሉ ይዘህ ወደ ታች ውረድ!»

ኦፕሬተሩ ከተደገፈበት ተነሳ።

መገናኛውን የሚያቋርጠው ማጥፊያ ከድርጭት እጅ አጠገብ ነው።

አልነካችውም።

«አሁኑኑ ይውረዱ በሉት» አለች፣ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብላ። «ላይ ማንም እንዳይቀር።»

ከዚያ የሚያፏጭ ድምፅ ብቻ ሆነ። ከዳር እስከ ዳር ጭር ያለው ባሕር ላይ ቀጭን ጥቁር ጭስ ቆመ። ወፈረ። ሌላ ተጨመረበት። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኖች በጭንቅላታቸው ላይ አለፉና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከማዶው ተራራ የፍንዳታ ድምፅ እየተጎተተ መጣ።

አጎት የፈለገውን አገኘ።

ሬዲዮው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ አንድ ሰው አሳለ።

«ወንድም ጋሼ… አለን። ላዩ በሙሉ ነዷል። ሰው ግን አልሞተም። ሁላችንም አለን።»

ጋሼ በረዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይሳቅ ያልቅስ አልለየላትም።

ድርጭት ደረጃው ሥር ሆና ለአጎት ደወለች።

«ሰውየው ተጋልጧል። ዛሬውኑ አውጡት።»

«ትዕዛዝ ጥሰሻል» አለ አጎት።

«በኋላ ይቅጡኝ። እሱን አውጡት።»

«እሺ። ቤቱ ይጠብቅ። መኪና እንልካለን።»

ለጋሼ በረዶ እንደዚያው ነገረችው። ወደ ሥራ እንዳይመለስ፣ ትንሽ ልብስ እንዲይዝ። «መኪና ሲመጣ ምንም አይጠይቁ፣ ዝም ብለው ይግቡ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ሲለያዩ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ በረዶ ውስጥ የኖረ ሰው እጅ አይመስልም፤ ይሞቃል።

በማግስቱ ጫኝና አውራጆቹ ከቀዝቃዛው ክፍል ፊት ለፊት ቆመው ነበር። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነው ያደረው። የውስጡ እጀታ ተነቅሏል። ጋሼ በረዶ በሩ ሥር ጉልበቱን አቅፎ እንደተቀመጠ ደርቆ ተገኘ። ካፖርቱ ከውጭ፣ ሚስማሩ ላይ ነው።

«ጎረቤቶቹ መኪና መጥቶ ወሰደው ይላሉ» አለ አንዱ ጫኝ። «በገዛ እግሩ ገባ አሉ። ሻንጣ ሁሉ ይዞ።»

ድርጭት እንደ ማንኛውም የሥራ ባልደረባ ከንፈሯን መጠጠች። ወደ ቢሮዋ ገባች። በሩን ዘጋች።

አጎት በጥርስ ሐኪሙ ቤት ጉንጩን ይዞ እየጠበቃት ነበር።

«መኪናው የታለ?» አለችው።

«አልተላከም።»

«ለምን?»

«የዶክተሩ ሰዎች አንድ ሰው እንዳጋለጣቸው አውቀዋል፤ የወሰደውም መኪና የነሱ ነው። እሱን ካላገኙ መፈለጋቸውን አይተዉም ነበር። ሲፈልጉ አንቺን ያገኛሉ። አሁን መፈለግ አቁመዋል።»

«ዶክተሩስ? መች ነው የምትይዙት?»

«ዶክተሩ ከእንግዲህ ለኛ ነው የሚሠራው» አለ አጎት። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሌላ ከተማ ሥራ አለሽ። አዲሱን ስምሽን መንገድ ላይ ይሰጡሻል። ጥሩ ሠርተሻል።»

«እንዲህ አይበሉኝ» አለች።

ነርሷ የአጎትን ተራ ጠራች። እሱ ግን ወደ ውጭ ወጣ።

በመጨረሻው ቀኗ ጠረጴዛዋን ባዶ አድርጋ ቁልፉን ልታስረክብ ስትነሳ አንድ ወጣት ሰው በሩ ላይ ቆመ። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቅንድቡ ተቃጥሏል። ዓይኑ የጋሼ በረዶ ዓይን ነው።

«ይቅርታ፣ የኔ እህት» አለ። «ወንድሜ እዚህ ግቢ ይሠራ ነበር። ቀዝቃዛው ክፍል።»

ድርጭት ራሷን ነቀነቀች።

«ከመሞቱ በፊት በሬዲዮ አዋርቶኝ ነበር። አጠገቡ ሴት ነበረች። ውረዱ ስትል ሰምቻታለሁ። በሷ ነው የተረፍነው።» የበሩን መቃን ተደገፈ። «የሬዲዮውን ሰውዬ ብጠይቀው አላውቃትም አለኝ። ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ላመሰግናት ብዬ ነው። ደግሞ ምን ብሎ እንደነበረ ልጠይቃት። በመጨረሻ።»

አፏን ከፈተች። ድምጿ ትዝ ቢለውስ?

ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮዋን ያዘች። በሹክሹክታ መለሰችለት።

«አላውቃትም። እኔ እዚህ አዲስ ነኝ።»

«ያምሻል እንዴ?»

«ብርድ መትቶኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ እግዜር ይማርሽ» አላት። በተጠቀለለ እጁ በሩን ይዞላት አሳለፋት።

አመስግና ወጣች። ከግቢው ውጭ የአውቶቡስ ሰልፍ ነበር። ሰዎቹ ስለ እቃ መወደድ፣ ባሕሩ ተከፈተ ስለመባሉ ያወራሉ። አንዲት ሴት ዞር ብላ «እውነት ተከፍቷል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እንደዚያ ይላሉ» አለች ድርጭት፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ።