ከቦርሳ ያልወጣው ደብተር

የእንግሊዝኛ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ የራሷን ደብተር ብቻ አስቀመጠች። የጓደኛዋ ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ፣ በሒሳብ መጽሐፉና በስፖርት ቱታዋ መሃል እንደተጋደመ ቀረ።

«የላውንደሪስ?» አለ መምህሩ ጓደኛዋን በቅጽል ስሟ ጠርቶ፣ ክምሩን እያስተካከለ። «ዛሬ ቀርታለች እንዴ?»

«እኔ እንጃ ቲቸር» አለች። ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አለመንቀጥቀጡ ራሷን ገረማት።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላመጣች እንግዲህ ምን ይደረጋል። ከዚያ በኋላ አልቀበልም።»

ምን ይደረጋል! ወደ ዴስኳ ስትመለስ እሷም በሆዷ ያለችው ይህንኑ ነበር።

ክፍሉ እሷን «ዲክሽነሪ» ነው የሚላት። ጓደኛዋን ደግሞ እናቷ ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ስላላቸው «ላውንደሪ» አሏት። ሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ «ዲክሽነሪና ላውንደሪ መጡ፣ ቃል አጥበው ሊያሰጡ!» እያለ የሚያላግጥ አይጠፋም። እነሱም አብረው ይስቃሉ። በተለይ ዲክሽነሪ ደስ ብሏት ነበር የምትስቀው። ስሙን ያገኘችው በላቧ ነዋ!

የመምህሩ ሕግ ቀላል ነው። የቃላት ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ ቃሉ፣ ፍቺው፣ ከዚያም ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገር። በሦስተኛው ዓምድ ቀልድ አያውቅም። «ከመጽሐፍ አትገልብጡብኝ፤ ከቤታችሁ፣ ከመንገዳችሁ አምጡ» ይላል። ዓርብ ዓርብ ከሁሉም የወደደውን አንድ ዓረፍተ ነገር በቢጫ ጠመኔ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፈዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አያጠፋውም። ኃይለኛው የሒሳብ መምህር እንኳ ዙሪያውን እየዞሩ ነው ሰሌዳ የሚያጠፉት።

በመጀመሪያው መንፈቅ ቢጫው ጠመኔ የዲክሽነሪ ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው ተማሪ ገና «ዛሬ ሰኞ ነው» ከሚለው አልወጣም ነበራ። እሷ ግን ታላቅ ወንድሟ የተወላት ወፍራም መዝገበ ቃላት አላት። ዓረፍተ ነገሩንም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የምትወስደው ከዚያው ነው። ንጉሡን በዳኛ፣ ፈረሱን በበሬ ትቀይርና አበቃ። «ዳኛው ለጋስ ነበሩ።» «በሬው ከወንዙ ማዶ ይታያል።» ስህተት የለበትም። ጣዕምም የለበትም፣ ይህን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ከዚያ ላውንደሪ መጣችባት። አመጣጧ ደግሞ እንዴት ያናድዳል! እናቷ የደንበኛ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ የሚያያይዟት፣ ቁጥር የሚጻፍባት ቁራጭ ካርድ አለች። ላውንደሪ ትርፎቹን እየወሰደች አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትጽፍባቸውና ቃሉን የሚያስታውሳት ልብስ ላይ ታያይዛቸዋለች። ክንዱ የሳሳ ሹራብ ላይ «ደካማ»፣ የሙሽራ ቀሚስ ላይ «ተስፋ»። ስትተኩስ ታነባቸዋለች፣ ዓረፍተ ነገር ትሠራላቸዋለች፣ ልብሱ ሊወሰድ ሲል ትነቅላቸዋለች።

በዚህ ዘዴ አራት ዓርብ በተከታታይ ቢጫውን ጠመኔ ወሰደች። በአራተኛው ከኋላ ወንበር አንዱ «ዲክሽነሪ ተቀየረች! አዲስ እትም ወጣ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ላውንደሪ ራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዲክሽነሪም ጥርሷን አሳየች፣ አንጀቷ ግን አረረ። መጀመሪያ ቃል አያያዝ ያሳየኋት እኔ! ደብተሯን በማስመሪያ ያሰመርኩላት እኔ! ከዚያ ቀን ወዲህ ላውንደሪ እጇን ባወጣች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። መምህሩ ዛሬ ከሚሰበስበው አንድ ደብተር መርጦ ሊያባዛ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ለፈተና በሱ ያጠናል። ሽፋኑ ላይ የባለቤቷ ስም ይጻፋል። ዲክሽነሪ ያንን ሽፋን በሕልሟ ሳይቀር አይታዋለች።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዷ ጓደኛዋን ልትጠራ ጎራ ስትል ልብስ ቤቱ ተቀውጦ ነበር። ለካ አንዷ ካርድ ሳትነቀል ቀርታ ከደንበኛቸው ከጥርስ ሐኪሙ ሱሪ ጋር ሄዳለች። ካርዷ ላይ የተጻፈው ቃል በእንግሊዝኛ «ግትር» ማለት ነው። ሰውየው «እኔን ነው ግትር የምትሉኝ? እኔን!» ብለው በጠዋት መጡና፣ ግትር አለመሆናቸውን እናትየው እስኪያምኑላቸው ድረስ ከበሩ አልንቀሳቀስም አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ።

«ሁለተኛ ካርዴን ብትነኪ እጅሽን ነው የምቆርጠው!» ይላሉ እናትየው። «ዛሬ ትምህርት የለም። የተሰቀለውን ልብስ አንድ በአንድ ትፈትሺያለሽ፤ ከዚያ የሰውየውን ኮት ይዘሽ ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

ላውንደሪ ዓይኗ አብጦ ነበር። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻት። «ባክሽ አንቺ ስጪልኝ። ቀኑ ዛሬ ነው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ዛሬ ነው» ነበር ያለቻት። ያን ጊዜ ምንም ክፋት አላሰበችም። ክፋቱ የመጣው የመምህሩ ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ነው።

በምሳ ሰዓት ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ከላስቲኩ አወጣችው። ስህተት ልትፈልግ ነው። አንድ ሁለት የፊደል ግድፈት ብታገኝ፣ «ድሮም አትመረጥም ነበር» ብላ ነገሩን ልትገላገለው።

ግድፈቱን አገኘችው፤ ሞልቷል። ግን ማንበቡን ማቆም አቃታት። «ድካም» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት፦ «እናቴን ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል።» «ግትር» ከሚለው ፊት ለፊት፦ «ይህ እድፍ ግትር ነው፤ ባለቤቱ ግን ይበልጡታል።» ዲክሽነሪ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ጥርስ ሐኪሙ እንኳን ይህን አላዩ! ከዚያ መሳቋ አናደዳት። እንደዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር እሷ አንድ እንኳ የላትም፤ ዳኛና በሬ ብቻ።

ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለሰች። ቀኖቹ የመጀመሪያው መንፈቅ ናቸው፤ ያኔ ላውንደሪን ማንም አዲስ እትም አላላትም። «ማድነቅ» ይላል ቃሉ። ዓረፍተ ነገሩ፦ «ጓደኛዬን አደንቃታለሁ፤ አንድ ቀን ግን ልበልጣት እፈልጋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ «ደፋር!» አለች፣ ጮክ ብላ። ቀጥሎ ግን ፊቷ እሳት የነካው ያህል ጋለ። ላውንደሪም ቀንታ ነበር። በእሷ! ቀንታ ደግሞ አልደበቀችውም፤ መምህር በሚያርመው ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ጻፈችው። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ደብተር በእጇ ሰጠቻት።

ቅናቱ ለቀቃት ማለት ውሸት ነው። አልለቀቃትም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆንም ሽፋኑ ላይ የራሷን ስም ነበር የምታየው። ቢሆንም ተነሥታ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ተመለሰች፣ በሦስተኛው ገባች።

«ቲቸር፣ ይኸው የላውንደሪ።»

«መጣች እንዴ?»

«አዎ» ብትል ያልቅ ነበር። «አልመጣችም። ጠዋት ነው የሰጠችኝ። ይዤው የዋልኩት እኔ ነኝ።»

«ረስተሽው?»

«አልረሳሁትም።»

መምህሩ ቀና አለ። «ታዲያ ለምን?»

«እሷ እንደምትመረጥ ስለማውቅ» አለች። «ቀንቼ ነው፣ ቲቸር።»

መምህሩ ደብተሩን ተቀብሎ ክምሩ ላይ አደረገው። «እሷ ታውቃለች?» አለ።

«አታውቅም።»

«እሺ» አለና ወደ እርማቱ ተመለሰ። ቢቆጣት በወደደች። «እሺ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ምን ይባላል?

ልብስ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ላውንደሪ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ስታያት ፊቷ በራ።

«ሰጠሽልኝ?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ተመስገን! ሐኪሙ ጋ ቆሜ እንኳ እሱን ነበር የማስበው። ምን አለ? ገለጥ ገለጥ አደረገው?»

እናትየው ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አሉ። «አንቺ ባትኖሪላት ይቺ ልጅ ምን ይውጣት ነበር? ተባረኪልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉና ኮት ተሸክመው ወደ ጓዳ ገቡ።

ደብተሩ በሰዓቱ ገብቷል። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። አሁን «ነገ እንገናኝ» ብላ ብትወጣ ማንም ምንም አያውቅም፤ መምህሩም የሚናገር ሰው አይመስልም። ዲክሽነሪ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለች። «መጀመሪያ ግን ካውያውን አስቀምጪ።»

ላውንደሪ መሳቅ ጀመረች። የጓደኛዋን ፊት ስታይ ሳቋን ተወችው። ካውያውን ማሳረፊያው ላይ አቁማ፣ ሶኬቱን ነቀለችና ወደ እሷ ዞረች።